በበርበሬ በረንዳ ሚዛን፦ የጻድቁ ረዳትና የግፈኛው ውድቀት

ፈጣሪ ለቅን ሰው ይቆማል፣ ግፈኛውን ደግሞ ቀን ጠብቆ ይጥላል የሚለው እምነት በኢትዮጵያ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ባልተናነሰ በገበያ የሚኖር እምነት ነው። ገበያ ላይ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ይገናኛል፤ የዕቃውን ውስጥ ሳያይ ይገዛል፤ ገንዘቡን ከፍሎ ከሄደ በኋላ ሻጩን ዳግመኛ ላያገኘው ይችላል። ይህን ክፍተት ሕግና ደንብ ብቻውን አይሞላውም። ሰው የማያየውን የሚያይ አለ የሚለው ፍርሃት፣ የተበደለ ሰው ጠበቃ አለው የሚለውም ተስፋ ይገቡበታል። በመርካቶ፣ በበርበሬ በረንዳ፣ ይህ እምነት በየቀኑ የሚፈተነው በሚዛን ላይ ነው።

በርበሬ በረንዳ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ ካሏት በርካታ ተራዎች አንዱ ነው። ዛላው ከማረቆና ከሃላባ፣ በጎጃም በኩልም ከቡሬና ከአካባቢው ተጭኖ ይመጣል። ወዛደሩ ጆንያውን በጀርባው ያወርዳል፤ ደላላው ሻጭና ገዢ ያገናኛል። አፍንጫና አፋቸውን በሻሽ ወይም በነጠላ የሸፈኑ ሴቶች ክምሩ አጠገብ ተቀምጠው ይቀነጥሳሉ፤ የነጣውንና የሻገተውን ለብቻ ይለቅማሉ። ብናኙ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ዓይን ያስለቅሳል። ከዚያ ወፍጮ ቤት አለ፤ ከወፍጮ ቤት ቀጥሎ ቸርቻሪው፣ ከቸርቻሪው ቀጥሎ ማጀት። አንድ ጆንያ በርበሬ ከማሳ ተነሥቶ ወጥ እስኪሆን ድረስ በብዙ እጅ ያልፋል፤ ሁሉም እጅ ጋ ደግሞ የማጭበርበሪያ ቀዳዳ አለ።

የመጀመሪያው ቀዳዳ ውኃ ነው። በዛላው ላይ ውኃ ሲረጭ ይከብዳል፤ ገዢው በርበሬ ገዛሁ ብሎ ውኃ ይገዛል። ከጎደለው ኪሎ የሚብሰው ግን ከእርጥበቱ በኋላ የሚመጣው ነገር ነው። እርጥብ በርበሬ ታፍኖ ሲቀመጥ ይሻግታል፤ አስፐርጊለስ የሚባለው የሻጋታ ዘር አፍላቶክሲን የተሰኘ መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ በምርምር የተረጋገጠ ነው። በመፍጨት አይለቅም፤ ወጥ ሲንተከተክም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ሁለተኛው ቀዳዳ አሞላሉ ነው፤ ከጆንያው አፍ ላይ ቀይና ጥሩው፣ ከሥር ቀሽሙ። ሦስተኛውና ከሁሉም የከፋው ከተፈጨ በኋላ ያለው ነው። የሸክላ ዱቄት፣ ቀይ አፈር፣ ለምግብ ያልተሠራ ቀለም ከበርበሬ ዱቄት ጋር ሲደባለቅ ዓይን አይለየውም። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ ተያዘ የሚለውን ዜና የአዲስ አበባ ነዋሪ ደጋግሞ ሰምቶታል። ቆጥባ ገዝታ፣ ለልጆቿ ወጥ የሠራች እናት ድስቱ ውስጥ ሸክላ እንዳለ አታውቅም። ግፍ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ተበዳዩ መበደሉን እንኳ አያውቅምና ከሳሽም ምስክርም የለውም።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ስለ ጻድቅና ስለ ኃጥእ ሲናገሩ ሰማይ ላይ ብቻ አይቀሩም፤ ወደ ገበያ ወርደው ሚዛን ይፈትሻሉ። ኦሪት ዘዳግም ነጋዴ በከረጢቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት የሚዛን ድንጋይ፣ ለመግዣ ከባድ ለመሸጫ ቀላል፣ እንዳይዝ ይከለክላል። ነቢዩ አሞጽ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው ምዕተ ዓመት የተነሣ የቴቁሔ እረኛ ነበር። በሰማርያ ነጋዴዎች ላይ ያቀረበው ክስ ዝርዝሩ የሚያስደንቅ ነው። ሰንበቱ መቼ ባለፈና በሸጥን እያሉ ይቸኩላሉ፤ መስፈሪያውን ያሳንሳሉ፤ ገንዘብ የሚመዝኑበትን ድንጋይ ያከብዳሉ፤ ግርዱን ከስንዴው ጋር ይሸጣሉ። ከ2,700 ዓመት በፊት የተወገዘው ግርድ ሻጭ ዛሬ ውኃ ከሚረጨውና ሸክላ ከሚፈጨው በሥራው አይለይም። አሞጽ ይህን ኃጢአት ከጣዖት አምልኮ ለይቶ እንደ ቀላል አላየውም፤ የመንግሥቱ ውድቀት ምክንያት ከሆኑት መካከል ቆጥሮታል። ጥቂት አሥርት ዓመታት ቆይቶም ሰማርያ በአሦራውያን እጅ ወደቀች።

በቁርአን የነቢዩ ሹዐይብ ታሪክ ከዚህም ይልቅ ቀጥተኛ ነው። ሹዐይብ የተላኩት መድየን ለሚባል የነጋዴ ሕዝብ ነበር። ጥሪያቸው ሁለት ነገር ይዟል፤ አላህን ብቻ ማምለክና ስፍርና ሚዛንን መሙላት። ሕዝቡ ተሳለቁባቸው፤ በገንዘባችን የፈለግነውን ብናደርግ ምን አገባህ የሚል መልስ ሰጡ። ቅጣቱ በመጣ ጊዜ ሹዐይብና አብረዋቸው ያመኑት ዳኑ፤ የቀሩት በየቤታቸው እንደወደቁ ቀሩ። ሌሎች ሕዝቦች በትዕቢት ወይም በደም ማፍሰስ ሲጠፉ፣ መድየን ግን ስሟ በሚዛን ማጉደል ቀርቷል። 83ኛው ምዕራፍ፣ አል ሙጠፊፊን፣ ስሙን ያገኘው ሲቀበሉ ሞልተው፣ ሲሰጡ አጉድለው ከሚሰፍሩ ሰዎች ነው። ከበርበሬ በረንዳ ነጋዴዎች አንዱ ጁምዓን በታላቁ አንዋር መስጊድ፣ ሌላው ቅዳሴን በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ያሳልፋል። ስለ ሚዛን የሚሰሙት ትምህርት ግን አንድ ነው።

ግፈኛው የሚወድቀው እንዴት ነው? ብዙ ሰው መለኮታዊ ፍርድን መብረቅ አድርጎ ያስባል። የኢትዮጵያ ምእመናን በትውልድ የወረሱት ታሪክ ግን ሌላ መንገድ ያሳያል። የባሕራን ታሪክ በድርሳነ ሚካኤል የሚገኝ ሲሆን ሰኔ 12 ቀን፣ በመልአኩ በዓል፣ ይነገራል። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ሞቶ ሚስቱ ልጅ ትወልዳለች፤ ልጁ የጎረቤታቸውን የአንድ ባለጠጋ ሀብት እንደሚወርስ ይነገራል። ባለጠጋው ይህን ሲሰማ እንቅልፍ ያጣል። ልጁን አሳድገዋለሁ ብሎ እናቱን በገንዘብ ያግባባና ይወስደዋል፤ በሣጥን ዘግቶም ባሕር ውስጥ ይጥለዋል። ሣጥኑ ከባሕር ወጥቶ በአንድ በግ ጠባቂ እጅ ይገባል፤ ልጁም ከባሕር ስለተገኘ ባሕራን ተብሎ ያድጋል። ዓመታት ካለፉ በኋላ ባለጠጋው በመንገድ መሽቶበት በዚያው በግ ጠባቂ ቤት ያድራል፤ የልጁን ታሪክ ሲሰማም ያልሞተ መሆኑን ያውቃል። አሁንም ልቡ አልተመለሰም። ወጣቱን መልእክት አድርስልኝ ብሎ ደብዳቤ አሲዞ ወደ ቤቱ ይልከዋል፤ በደብዳቤው የታዘዘው ግን አምጪው እንዲገደልና በጉድጓድ እንዲጣል ነው። በመንገድ ላይ ቅዱስ ሚካኤል በወታደር አምሳል ተገልጦ ደብዳቤውን ይለውጠዋል፤ አዲሱ ትእዛዝ የባለጠጋውን ልጅ እንዲድሩለትና ሀብቱን እንዲያስረክቡት የሚል ይሆናል። ሠርጉ ይደገሳል። ባለጠጋው ሲመለስ የሆነውን በመንገድ ሳለ ይሰማል፤ በድንጋጤም ይሞታል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰማይ አልተቀደደም፤ ምድርም አልተከፈተችም። ባለጠጋውን የጣለው የራሱ ደብዳቤ፣ የራሱ መልእክተኛ ነው። ባሕራንን ባሕር ውስጥ ባይጥለው ኖሮ ወራሹ መንገድ ላይ አይጠብቀውም ነበር። በመጽሐፈ አስቴር ሐማ ለመርዶክዮስ መስቀያ ያስተከለው ግንድ ቁመቱ 50 ክንድ ነበር፤ የተሰቀለው ግን ራሱ ሐማ ነው። የዚህ ዓይነቱን ፍርድ የአማርኛ ተናጋሪ በአንድ ምሳሌ ይዞታል፤ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ምሳሌው ፈጣሪ ሌላ ቁና ያመጣል አይልም፤ የሚሰፈርበት ሰው ራሱ ያበጀው ቁና ነው።

በንግድ ዓለም ይህ በግልጽ የታየበት አጋጣሚ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ በተፈጨ በርበሬ ውስጥ ሱዳን አንድ የሚባል የኢንዱስትሪ ቀለም ተገኘ። ቀለሙ የጫማ ቀለምን፣ ሰምንና ቅባትን ለማቅላት የሚሠራ እንጂ ለሰው ሆድ የታሰበ አይደለም። ያ በርበሬ አንድ የወጥ ማጣፈጫ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ማጣፈጫው ደግሞ በመቶዎች በሚቆጠሩ የተዘጋጁ ምግቦች ውስጥ። ሁሉም ከመደርደሪያ እንዲወርዱ ታዘዘ፤ ኪሳራው በሚሊዮን በሚቆጠር ፓውንድ ተገመተ። ዱቄቱን ያቀላው ሰው ያተረፈው ከአንድ ኪሎ ላይ ጥቂት ሳንቲም ቢሆን ነው። ይህን የመለኮት ሥራ ነው ማለት ወይም አይደለም ማለት የእምነት ጉዳይ ነው። ሐሰት በባሕርዩ የሚሸከመው ሰንሰለት እየረዘመ ሲሄድ መጋለጡ እንደሚቀርብ ግን ማንም አይክደውም።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይሆንም፤ ስለ ጻድቅና ስለ ኃጥእ የሚናገር ሁሉ ይህን ሳይሸሽ ሊመልስ ይገባዋል። ሚዛን የሰረቀው ፎቅ ሲሠራ፣ በሃቅ የመዘነው ኪራይ ሲያጥረው ይታያል። ይህን ጥያቄ መጻሕፍቱ ራሳቸው አልሸሹትም። በአንድ በኩል ዳዊት በ36ኛው መዝሙር ጎልማሳ ነበርሁ አርጅቻለሁ፣ ጻድቅ ሲጣል አላየሁም በሚል መንፈስ ይመሰክራል። በሌላ በኩል በ72ኛው መዝሙር አሳፍ የክፉዎችን ሰላም አይቶ እግሩ ሊንሸራተት ጥቂት እንደቀረው ይናዘዛል፤ ልቤን በከንቱ አነጻሁ ወይ እስከ ማለት ደርሶ ነበር። በየቀኑ ዳዊት የሚደግም ምእመን ሁለቱንም በአንድ አፉ ያነባቸዋል። ምስክርነቱና ቅሬታው በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አብረው መኖራቸው ቤተ እምነቱ ጥያቄውን እንደ ክህደት እንዳልቆጠረው ያሳያል።

መጽሐፈ ኢዮብ ደግሞ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ሦስቱ ወዳጆቹ መከራ የደረሰበትን ኢዮብን ሊያጽናኑ መጥተው ከሰሱት፤ እንዲህ የደረሰብህ አንድ ነገር ሠርተህ ነው አሉት። ትምህርታቸው ሲሰሙት ትክክል ይመስላል፤ እግዚአብሔር ኃጥኡን ይቀጣል፣ ኢዮብ ተቀጥቷል፣ ስለዚህ ኢዮብ ኃጥእ ነው። በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በኢዮብ ሳይሆን በእነርሱ ነው፤ መሥዋዕት እንዲያቀርቡና ኢዮብ እንዲጸልይላቸው ታዘዙ። ኃጥእ ይወድቃል የሚለውን ትምህርት ገልብጦ የወደቀ ሁሉ ኃጥእ ነው ማለት በራሱ በደል መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ መጽሐፍ የለም።

ይህ ማስጠንቀቂያ ለመርካቶ የሩቅ ነገር አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በሸማ ተራ የተነሣው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን ሱቅና ዕቃ አወደመ፤ የዕድሜ ልክ ጥሪት በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆነ። እንዲህ ያለ አደጋ በደረሰ ቁጥር ይህ የእግዜር ቁጣ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። በሉቃስ ወንጌል 13ኛው ምዕራፍ ክርስቶስ ተመሳሳይ ወሬ ቀርቦለት ነበር። በሰሊሆም ግንብ ተንዶባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ሰዎች የበለጡ በደለኞች እንዳልነበሩ አስረግጦ ተናግሯል። ሱቁ ለተቃጠለበት ነጋዴ ጎረቤቱ ሊሰጠው የሚገባው ፍርድ ሳይሆን መቋቋሚያ ገንዘብ ነው። በሰው ጥፋት ላይ ቆሞ የመለኮትን ፍርድ የሚተነትን ሰው ከኢዮብ ወዳጆች ጋር ይቆጠራል።

የጻድቁና የግፈኛው ዕጣ ቀላል ስሌት ላለመሆኑ የመርካቶ የራሱ አመጣጥም ምስክር ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። የፋሺስት ጣሊያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዘ በኋላ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ የሚኖርባት ከተማ ለመሥራት አቀደ። አራዳን ለራሱ ሰዎች አስቀርቶ የሀገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ ዛሬ መርካቶ የሚባለው ሰፊ ገበያ የተቆረቆረው በዚህ የዘር መለያየት ዕቅድ ነው። ያን ያቀደው ኃይል ዘላለማዊ ነኝ ብሎ ያምን ነበር።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ ተረሸኑ። ሕዝቡን ለጣሊያን እንዲገዛ ስበኩ ሲባሉ እምቢ አሉ፤ ሕዝቡም ምድሪቱም ለወራሪ እንዳይገዙ ገዘቱ። ጻድቁ በዚያች ዕለት ከጥይት አልዳኑም። መልአክ ደብዳቤ አልለወጠላቸውም። ረዳት መጣላቸው ከተባለ የመጣላቸው በሌላ መልክ ነው፤ አንደበታቸው ሳይታጠፍ፣ ቃላቸው ሳይለወጥ ሞቱ። መኰንን እንዳልካቸው ስለ እርሳቸው ለጻፉት ሥራ የደም ድምፅ የሚል ስም የሰጡት የአቤልን ደም አስታውሰው ነው ቢባል ያስኬዳል፤ በኦሪት ዘፍጥረት የንጹሕ ሰው ደም ከምድር ይጮኻልና። ሐውልታቸው ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ፣ ከአራዳ ወደ መርካቶ በሚወርደው መንገድ ራስ ላይ ቆሟል።

ከዚያ የባሰው በ1929 ዓ.ም. ተከተለ። የካቲት 12 ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያን እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ወራሪው በከተማው ነዋሪ ላይ ለሦስት ቀን እሳትና ካራ ለቀቀ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾችን ቁጥር 30,000 አድርሶታል። በግንቦት ደግሞ በግራዚያኒ ትእዛዝ በደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሳትና ዲያቆናት ተረሸኑ፤ እርሱ ራሱ በላከው ቴሌግራም የቆጠራቸው መነኮሳት ብቻ 297 ነበሩ። አዲስ አበባ ከተያዘች ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዋና ከተማቸው ገቡ፤ ሕዝባቸውም ክፉውን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። የፋሺስቱ መሪ ሙሶሊኒ ሚያዝያ 20 ቀን 1937 ዓ.ም. በገዛ ሀገሩ ሰዎች ተገደለ፤ ሬሳው ሚላኖ አደባባይ ላይ ቁልቁል ተሰቀለ። የአውሮፓና የአፍሪካ አደባባዮችን በጩኸቱ የሞላ ሰው መጨረሻው ይህ ሆነ። ብዙ ኢትዮጵያዊ በዚህ ውስጥ የእግዚአብሔርን እጅ አይቷል፤ ያየውም በከንቱ አይደለም።

ግራዚያኒስ? እ.ኤ.አ. በ1950 የጣሊያን ወታደራዊ ፍርድ ቤት ከጀርመን ናዚዎች ጋር በመተባበሩ 19 ዓመት ፈረደበት፤ ጥቂት ወራት ታስሮ ተለቀቀ። በኢትዮጵያ ለፈጸመው ግፍ አንድም ቀን ለፍርድ አልቀረበም። እ.ኤ.አ. በ1955 በሮም በተፈጥሮ ሞት ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ መታሰቢያ ቆመለት። ይህን ደብቆ ግፈኛ ሁሉ በዚህ ዓለም የእጁን ያገኛል ብሎ መስበክ በደብረ ሊባኖስ ሙታን ላይ ተጨማሪ በደል ነው። የጻድቁ ድልና የኃጥኡ ውድቀት በዚህ ዓለም ሒሳቡ ሙሉ በሙሉ እንደማይዘጋ ክርስትናም እስልምናም ያስተምራሉ፤ የትንሣኤና የፍርድ ቀን ትምህርት የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ምድር የሚታየው የፍርዱ ጅማሬ ነው። የወራሪው ዕቅድ ፈርሷል። አራዳ የጣሊያኖች ብቻ ሆና አልቀረችም። ለመለያየት የተቆረቆረው ገበያም ጉራጌው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ስልጤው፣ ትግሬውና ሌላውም ጎን ለጎን ሱቅ ከፍቶ የሚነግድበት የሀገሪቱ ትልቁ ገበያ ሆነ።

ሌላም ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ፤ ፈጣሪ የኃጥኡን ሞት ይሻል ወይ? የበላኤ ሰብእ ታሪክ ለዚህ መልስ ይሰጣል። ታሪኩ በተአምረ ማርያም የሚገኝ ሲሆን የካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ ይነገራል። የቅምር ሰው የሆነው ይህ ሰው በመጀመሪያ እንግዳ ተቀባይ ነበር፤ በሰይጣን ተታሎ ከወደቀ በኋላ ግን ሰው የሚበላ ሆነ። አንድ ቀን በውኃ ጥም የተቃጠለ ለምጻም በእመቤታችን ስም ለመነው፤ እርሱም ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሲሞት ነፍሱ በሚዛን ላይ ቀረበች። በአንዱ ወገን ያ ሁሉ ግፍ፣ በሌላው ወገን ጥርኝ ውኃ። ሠዓሊዎች በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንደሚሥሉት የእመቤታችን ጥላ በውኃው በኩል አረፈበት፤ ሚዛኑም ወደዚያ ደፋ። በበርበሬ በረንዳ ጠዋት ማታ ሚዛን የሚያይ ሰው ይህን ሥዕል ሲያይ የሚሰማው ነገር ከሌላው ምእመን ይልቅ የቀረበ ሊሆን ይገባል።

ታሪኩ ግን በተሳሳተ መንገድ ሊያዝ ይችላል፤ ይያዛልም። ሳምንቱን ሙሉ ዱቄት ሲደባልቅ ከርሞ እሑድ ጃንጥላና ምንጣፍ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ፣ ወይም በረመዳን ለድሆች አብዝቶ የሚያፈጥር ነጋዴ ጥርኝ ውኃዬን ሰጠሁ ብሎ ሊጽናና ይችላል። የበላኤ ሰብእ ውኃ ግን ከለምጻሙ የተሰረቀ አልነበረም። ቀራጩ ዘኬዎስ ንስሐ በገባ ጊዜ ያጭበረበርሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ መዳን ለቤቱ የተነገረለትም ይህን ካለ በኋላ ነው። በእስልምናም የአላህ መብት በተውበት ቢማር የሰው ሐቅ ግን ወደ ባለቤቱ ካልተመለሰ ወይም ባለቤቱ ይቅር ካላለ አይወርድም። ምሕረት ሰፊ ነው፤ የድሃዋን የጎደለ ኪሎ ግን ለመቅደስ በሚሰጥ ምንጣፍ መተካት አይቻልም።

ይህን ሁሉ ሰብስቦ የሚይዝ አንድ አነጋገር በገበያው አለ፤ ለፈጣሪ ሰጥቼዋለሁ። ይህን የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ማስረጃ የሌለው፣ ለጠበቃ የማይከፍል፣ በሽማግሌም ያልተሰማ ሰው ነው። የተበደለ ሰው ጸሎትና ዱዓ በፈጣሪ ፊት መጋረጃ እንደሌለው ሁለቱም ሃይማኖቶች ያስተምራሉ፤ ስለዚህ ቃሉ ቀላል አይደለም፤ በዳዩ ሲሰማው ሊንቀጠቀጥ ይገባዋል። ነገር ግን ይህን ቃል የመናገር መብት ያለው ተበዳዩ እንጂ ዳኛው አይደለም። ተቆጣጣሪው፣ ሸማቹ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የገበያው ሽማግሌ ማድረግ የሚችለውን ሳያደርግ ለፈጣሪ ቢተወው የሞት ደብዳቤውን ከጻፈው ባለጠጋ ጋር የተባበረ ነው። የእግዚአብሔር ፍርድ በባሕራን ታሪክ በመልአክ እጅ ቢፈጸም፣ በ1933 ዓ.ም. በአርበኞች እጅ ተፈጽሟል፤ አምስት ዓመት በዱር በገደል የተዋጉት እግዚአብሔር ያውቃል ብለው ቤታቸው አልተቀመጡም።

ሕጉ በበኩሉ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ምግብን ከባዕድ ነገር ጋር መቀላቀልን በወንጀል ያስጠይቃል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹን ከተጭበረበረ ዕቃ ይጠብቃል፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የምግብን ደኅንነት ይቆጣጠራል። ጉድለቱ በአፈጻጸሙ ነው። የሚዛን ምርመራ ሳይታሰብ የሚመጣ ካልሆነ ሁለቱ የሚዛን ድንጋዮች ለምርመራው ቀን ብቻ አንድ ይሆናሉ።

በበርበሬ በረንዳ ግን በሃቅ የሚመዝን ነጋዴ አለ፤ ደንበኛው ያውቀዋል። ሚዛኑ ተስተካክሎ ከቆመ በኋላ እጁን ወደ ክምሩ ሰዶ አንድ እፍኝ ዛላ ምራቂ ይጨምራል። ያ እፍኝ በዓመት ሲደመር ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ይህን የሚያደርገውም በረከት ከሚዛኑ ቀጥ ማለት ይመጣል ብሎ ስለሚያምን ነው። እንዲህ ያለውን ነጋዴ ያወቀ ሸማች አንድና ሁለት ብር ለማትረፍ ብሎ ሌላ ጋ አይሂድ፤ ዱቄቱ ውስጥ ሸክላ ያየም ዝም ብሎ አይድፋው፤ ጥቂቱን አስቀርቶ በቅርብ ላለው የንግድ ቢሮ ወይም የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ይስጠው።